ከኋላ ኮፈኑ ምንጣፍ ሥር

ሰኔ 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ በአንድ ጣሪያ ላደግነው ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሥራህ፣ ጤናህ፣ ያ የሚያስመርርህ ወገብህስ እንዴት ነው? አንተን በሰው አገር የጠበቀ አምላክ እኛንም እስከዚች ቀን በደህና አቆይቶናል። ቤቱም ጋራዡም እንደ ተውከው ነው። የተቀየረ ነገር ቢኖር የበሩ ማጠፊያ ብቻ ነው፤ እሱም እየጮኸ አባዬን እንቅልፍ ስለ ነሳው ነው።

አባዬ ደጋግሞ ሰላም ይልሃል። ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ እጁ መዶሻ አልጨበጠም። አፉን ግን አልመታውም። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን በር ላይ አስወጥቶ ይቀመጥና እኔ ላሜራ ስቀጠቅጥ "ከዳሩ ጀምሪ! መሀሉ የትም አይሄድብሽ!" እያለ ሲጮኽብኝ ይውላል። ደንበኛ ሲመጣ "ባትላሜራዋ እሷ ናት፤ እኔ ሬድዮው ነኝ" ይላል።

የላክኸው መኪና ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ማክሰኞ ማክሰኞ እጅና እግሩን እንቅስቃሴ ወደሚያሠሩት ሆስፒታል የምንሄደው በሱ ነው። ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይፈጃል። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ እግሩን ዘርግቶ ከኋላ ይተኛል። ሰፈሩ ሁሉ "አሳድጎ የላከው የእህቱ ልጅ መኪና ላከለት" ሲል በሰማ ቁጥር አንገቱ በሁለት ጣት ይረዝማል።

አሁን ግን አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ የኋላ ኮፈኑ ውሃ ይቋጥራል። ስኮርታ ጎማው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ባለፈው ሳምንት ሦስት ጣሳ ሙሉ ቀዳሁ። ምንጣፉ በስብሶ ሽታው ወደ ፊት ይመጣል፤ ደግሞ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ብቻ አይመስለኝም። የኮፈኑን ዙሪያ የሚይዘው ላስቲክ ደርቆ በጣት ሲነኩት እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። ከኋላ መብራቶቹ ሥር ያሉትም ያው ናቸው። እዚህ ብፈልግ ልኩን አጣሁ። አንተ ግን አሮጌ መኪና በሚሸጥበት ግቢ ስለምትሠራ አታጣውም። ዙሪያውን በክር ለክቼ ክሩን ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ።

ሥራ ሲቀልልኝ ምንጣፉን አንስቼ ወለሉንም አየዋለሁ። የሰው መኪና ስጠግን ውዬ ወደ ራሴ ስመጣ እጄ ይዝላል።

አባዬ ሰሞኑን ራሱን ያመዋል፤ በተለይ ማክሰኞ ከሆስፒታል ስንመለስ። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው ብሎ መድኃኒት ቀየረለት። እኔንም ትንሽ ይወቅረኛል፤ የመንገዱ ድካም ይሆናል።

እህትህ


ሐምሌ 2 ቀን

ለእህቴ፣ ለአዲሷ የጋራዡ አለቃ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። የጋሼን እጅ ስሜልኝ። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ ለኔ ከተረፈልኝ ዕድሜ ቀንሶ ለሳቸው ይጨምርላቸው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፏል። ወዲያው ያልመለስኩት ላስቲኩን ስፈልግ ነው። አገኘሁት፤ የመብራቶቹንም ጨምሬ በጥቅል ልኬዋለሁ። ስትገጥሚው መጋጠሚያው ከታች፣ ከቁልፉ ሥር ይሁን። መቼም እኔ አንቺን አላስተምርሽም።

ምንጣፉን ግን አታንሺው። ወለሉ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ምንጣፉ ከሬንጁ ጋር ስለ ተጣበቀ ከላቀቅሽው የባሰ ይሆናል። ዝም ብለሽ ኮፈኑን ከፍተሽ በፀሐይ አድርቂው። ወለሉን እዚህ ግቢያችን ያለ አንድ ሠራተኛ ሠርቶታል፤ ምንም አይልም።

ስለ ጋሼ ራስ ምታት ሳስብ ሰነበትኩ። ስትነጂ መስኮቶቹን ክፈቻቸው። የፊቱንም የኋላውንም፣ አራቱንም ክፈቺ። ቢዘንብም ክፈቺ። ንጹሕ አየር ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው። ሞተር አስነስታችሁም ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ነዳጅ ይበላል።

እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል አልጋዬ ከማሞቂያው ቧንቧ አጠገብ ስለሆነ ብርዱን አላውቀውም። ሥራም አለ።

ራስ ምታቱ እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ። በተለይ መስኮት ስትከፍቺ ይቀንስ እንደሆነ። አደራ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 21 ቀን

ለወንድሜ፤

ምስጋናዬ ይድረስህ፤ እጅህ አይንጠፍ። ላስቲኩ ደረሰ፣ ልክክ አለ። ሰላምታውን ማስረዘም አምሮኝ ነበር፤ ግን ወሬው እየቀደመኝ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከኛ ጋር የተጠጋ ቀለም ቀቢ አለ። ልብሱ ተዥጎርጉሮ ያልነካው ቀለም የለም፤ ነጠብጣቡ እንለዋለን። እኔ ውሃው የሚገባበትን ለማየት የእጅ ባትሪ ይዤ ኮፈኑ ውስጥ ተጠቅልዬ ገባሁ፣ እሱ ዘጋብኝና ውሃ በጎማ ይለቅ ጀመር።

"አለሽ?"

"አለሁ! ቀኝ መብራቱ ላይ ጨምር!"

"አሁንስ አለሽ?"

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቆልፈህ ልትሸጣት ነው?" ይላል። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ጭንቅላቴን ከላሜራው ጋር አጋጨሁት። ለካ ውሃው በኮፈኑ ዙሪያ ብቻ አልነበረም የሚገባው፤ ከቀኝ መብራቱ ሥር እንደ ክር እየቀጠነ ይወርዳል። የላክኸውን ለውጬ ዳሩን በማሸጊያ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ የለም። ውሃው ስለቆመ፣ አንተም ተዪው ስላልክ፣ ምንጣፉን ማንሳቱን ትቼዋለሁ።

ራስ ምታቱ ግን አልተወውም። ባለፈው ማክሰኞ ጭራሽ አስመለሰው። መስኮት ልክፈት ስለው "ብርድ እንዲገድለኝ ነው ያዘዘው?" ብሎ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስባል። እኔ የራሴን ትንሽ እከፍትና ዝናቡ ሲበረታ እዘጋዋለሁ። ሌላ ሐኪም ዓይኑ ነው አለ። መነጽር ታዘዘለት።

ስለ ወለሉ የጻፍከውን ሳነብለት ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ቆይቶ "ሌላ ሠራተኛ ነው የሠራው ይላል?" አለኝ። አዎ ስለው ፈገግ ብሎ ወሬ ለወጠ። ምኑ እንዳሳቀው አላወቅሁም።

እህትህ


ነሐሴ 14 ቀን

ወንድሜ፤

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አታንብበው። አብረውህ ካሉት አንዱን ጥራ።

አባዬ አረፈ። ማክሰኞ ነሐሴ 7 ቀን ነው።

ከሆስፒታሉ ስንመለስ ዝናቡ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን የሚደፋ ነበር። ከድልድዩ በፊት አፈር ተንዶ መንገዱን ዘጋው፤ መኪና በመኪና ላይ ተሰለፈ። ብርዱ ስለጠናበት ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ማሞቂያውን ለቅቄለት፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ ቆምን። ራሴ ሊፈነዳ ሲደርስ "አባዬ፣ ወርጄ መቼ እንደሚከፈት ልጠይቅ" አልኩት። "ሂጂ፣ እኔ ትንሽ ልተኛ" አለኝ። ከፊት ከነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሸራ ተጠልለን ስናወራ አንድ ሰዓት ሄደ። ስመለስ ተኝቷል። መንገዱ ተከፈተና ነዳሁ። ቤት ደርሼ "ደረስን" ስለው አልመለሰልኝም።

ልቡ ነው አሉኝ። ዕድሜም ነው አሉ። ፊቱ እንደ ወጣት ቀልቶ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ "እንዴት አምሮበታል፤ ሳይሰቃይ ነው የሄደው" እያለ አጽናናኝ። እኔም በዚሁ ተጽናናሁ።

ምንም ነገር ላክልኝ አልልህም። ጻፍልኝ ብቻ።

እህትህ


መስከረም 29 ቀን

ለእህቴ፤

ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። አንቺን ያጽናሽ። ከዚህ በላይ የምለው ቃል አጥቼ ነው ይህን ያህል የዘገየሁት። አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

እናቴ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋሼ እጄን ይዘው ወደ ጋራዡ አስገቡኝ፤ መዶሻ ሰጥተው "ላልቅስ ካልክ እዚህ ላይ አልቅስ" ብለው አንድ የተጨማደደ በር ፊቴ ጣሉ። ቀኑን ሙሉ ቀጠቀጥኩት። ማታ ላይ በሩ ቀንቶ ነበር። አሁን የምቀጠቅጠው አጣሁ።

ትንሽ ገንዘብ በፖስታ ቤት ልኬያለሁ፤ አትመልሺብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። በዚያ መኪና አትሂጂ። ለማንም አታውሺው፤ አትሽጪውም። ቁልፉን አውጪና ይቁም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ጋሼ የሞቱበት መኪና ስለሆነ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል ማለት ነው። በቃ ይቁም።

ፊታቸው ቀልቶ ነበር ያልሽውን ከማን ጋር ተነጋገርሽበት?

ወንድምሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ገንዘብህን መልሼ ልኬዋለሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤህን ሳነበው ሐዘን ነው አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን የመጨረሻው መስመር እንደ እሾህ ያዘኝ። ሬሳውን ያላየህ ሰው፣ ስንት የሚጠየቅ ነገር እያለ፣ ስለ ፊቱ ቅላት ለምን ትጠይቃለህ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የድሮ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ በተርታ አነበብኳቸው። "ቢዘንብም ክፈቺ።" "ሞተር አስነስታችሁም ቆማችሁ አትጠብቁ።" "ምንጣፉን አታንሺው።" ተነሥቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ምንጣፉን አነሳሁ። ሬንጁን በነበልባል አሙቄ... አይደለም፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፤ በመላጫ እንደ እብድ ነው የፋቅሁት። ከሬንጁ ሥር ስቱኮ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ። በመዶሻው እጀታ ነካ ሳደርገው ተሸራርፎ ወደቀ። ከስቱኮው ሥር የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ በሪቬት ተመትቷል፤ የዘይቱ ፋብሪካ ምልክት እንኳ አልጠፋም። ቆርቆሮውን የያዘው ላሜራ ዝገት ሆኖ ሪቬቶቹ ባዶ ላይ ተንጠልጥለዋል። በቀኝ በኩል እጄ እስከ አንጓዬ ገብቶ ወጣ። ከጉድጓዱ ሥር የጭሱ ማውጫ ማርሚታው ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። የጉድጓዱ ዳር በጥላሸት ጠቁሯል። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ስፖንጅም እንደዚያው ጠቁሯል፤ አባዬ ራሱን የሚያስደግፍበት በኩል።

ነጠብጣቡ ሞተሩን አስነሳልኝ፤ ነጭ ጨርቅ ጉድጓዱ ላይ ዘረጋሁ። ጨርቁ እንደ ሰው ሆድ እየተነፋ ተነሳ።

ሆስፒታል ሄጄ የመጀመሪያውን ሐኪም ጠየቅሁት። እርሳሱን አስቀመጠና "ስንት ወር?" አለኝ። ነገርኩት። ይህ ጭስ ደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ይይዛል፣ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ያስተኛል፣ የሞተውን ሰው ፊት ያቀላል አለኝ። "እኔም ስለ መኪናው አልጠየቅሁም" ብሎ አንገቱን ደፋ።

አሁን ስማኝ። ያ የዘይት ቆርቆሮ አራቱም ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ነው የተቆረጠው። ሹል ማዕዘን ቀድሞ ይሰነጠቃል ብሎ፣ ሳንቲም አስቀምጦ ዙሪያውን በምስማር ጭሮ መቁረጥ የአባዬ ትምህርት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ያን የሚያደርጉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል። አንዷ እኔ ነኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ታውቅ ነበር?


ታኅሣሥ 10 ቀን

እህቴ ልበልሽ አልበልሽ አላውቅም፤

አውቅ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። መኪናውን የግቢው ባለቤት በርካሽ ለቀቀልኝ። ለጋሼ መኪና እልካለሁ ብዬ ያልነገርኩት ሰው አለ? መርከቡ ሊነሳ አራት ቀን ሲቀረው ምንጣፉን ባነሳ ወለሉ ወንፊት ሆኖ አገኘሁት። በወጉ ለመሥራት የነዳጅ ታንኩ መውረድ፣ የበሰበሰው ሁሉ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ያለኝ ከሥራ በኋላ ያለችው ጊዜ ነበረች። እናም ሸፈንኩት። ያኔ የፈራሁት ውሃውን እንጂ ጭሱን አልነበረም፤ ጭሱ ጭራሽ በሐሳቤ አልመጣም። ጋሼ አንድ ቀን ከሥሩ ገብተው ያዩታል፣ "ይኼ ጥድፌ!" ብለው ይሰድቡኛል፣ ከዚያ በሁለት ቀን ያስተካክሉታል አልኩ። ጥድፌ የሚሉኝ ታስታውሺያለሽ። መርከቡ ከሄደ በኋላ እጃቸው መታመሙን ጻፍሽልኝ። ያኔ መጻፍ ነበረብኝ። የምስጋናው ደብዳቤ መጣና አፌን ዘጋው።

ይህ አንዱ በደሌ ነው። ትልቁ ግን ሌላ ነው።

ሰኔ ላይ "ማክሰኞ ማክሰኞ ራሱን ያመዋል" ስትዪኝ ገባኝ። መኪናው ከተላከ በኋላ በመጣው የብርድ ወቅት አንድ የግቢያችን ሾፌር ጭስ በሚያስገባ መኪና ውስጥ ወድቆ አይቻለሁ። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ። ተራ ያዝኩ። የጋራዡን ጎረቤት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ለሴትዮዋ ሰጠሁ። አግዳሚው ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። "ሦስተኛው ክፍል ግባ!" ብለው ጠሩኝ። ተነሳሁ፤ በሩ ላይ ደረስኩ፤ ጋሼ ራሳቸው ቢያነሱስ ብዬ አሰብኩ። ምን እላቸዋለሁ? ያሳደጉኝን ሰው በዘይት ቆርቆሮ ሸፍኜ ላክሁዎት ልበል? ስልኩ እየጠራ ወጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ነው መስኮት ክፈቺ ብዬ የጻፍኩልሽ። እውነቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። ያቺን መስመር ለማዳን ጋሼን ሰጠሁ።

ሰበብ አላበዛም። እዚህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ባለቤቱ "ገዢ ምንጣፍ አያነሳም" ይላል። ከዚያ መኪና በፊትም በኋላም ስድስት ወለል እንዲሁ ሸፍኛለሁ። ልማድ ሲሆን እጅ ራሱ ይሠራዋል።

ልመጣ እፈልጋለሁ። እግርሽ ሥር ልውደቅ፤ ከፈለግሽ ለሕግ አሳልፈሽ ስጪኝ። የምትይውን እጠብቃለሁ።


ጥር 17 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤህን ለነጠብጣቡ አነበብኩለት፤ ሌላ የማነብለት ሰው ስለሌለኝ ነው። መሀል ላይ ቀለም የያዘውን እጁን አንስቶ "በቃ፣ እኔም የምናገረው አለኝ" አለ። ከዚህ የምጽፍልህ እሱ የነገረኝን ነው።

መኪናው በመጣ በሳምንቱ እኔ ላሜራ ልገዛ ገበያ ሄጄ ነበር። አባዬ "ና ደግፈኝ" ብሎት በአንድ እጁ ተንፏቅቆ ከመኪናው ሥር ገባ። ወለሉን በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ጣቱን በስንጥቁ አስገብቶ የቆርቆሮውን ማዕዘን ዳሰሰ። ሲወጣ እየሳቀ ነበር።

"ልጁ ቸኩሎ ነው" አለ። "ያም ሆኖ ማዕዘኑን አልረሳም።"

"ለልጅህ ልንገራት?" ሲለው ቆጣ አለ።

"ምን ልትነግራት? ሰፈሩ ሁሉ መርቆት ሳያበቃ ላዋርደው ነው? ከባሕር ማዶ ያለውን ሁሉ አራግፎ የላከልኝ ልጅ ነው። እጄ ሲመለስ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ። አፍህን ያዝ።"

በየሳምንቱ ማክሰኞ እጁን ለማሠራት እንዲያ የሚቸኩለው ለምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። እሱም የጠረጠረው ውሃውን እንጂ ጭሱን አልነበረም። እሱ ላንተ ክብር ብሎ ዝም አለ። አንተ ለራስህ ክብር ብለህ ዝም አልክ። ነጠብጣቡ በሱ ትእዛዝ ዝም አለ። እኔስ? ሃያ ዓመት ዝገት ሲሸተኝ የኖርኩ ባትላሜራ፣ ደጄ ላይ የቆመውን መኪና ምንጣፍ ስምንት ወር አላነሳሁም። ሽታው የምንጣፍ ብቻ እንዳልሆነ ራሴው ጽፌልሃለሁ። ሞተሩን ያላጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን የምነግርህ ሸክምህን ላቀልልህ አይደለም። ያንተ ያንተ ነው። የኔም የኔ ነው።

አባዬ ስምህን ደበቀልህ፤ እኔ አልደብቅም። ለዘመድ ሁሉ፣ ለሰፈሩም ነግሬያለሁ። የራሴንም ጨምሬ። አንዳንዱ አልቅሷል፣ አንዳንዱ አንተን ረግሟል፣ አንድ ሁለቱ ጋራዤ መምጣት ትተዋል።

መኪናውን ሠራሁት። ታንኩን አወረድኩ፤ የበሰበሰውን ነጭ ብረት እስኪመጣ ቆርጬ አወጣሁ፤ ከጤነኛ ላሜራ አዲስ ወለል ቀጥቅጬ ዙሪያውን በየድኩ። አንቲረስት የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት እጅ፣ በየስፌቱ ማሸጊያ፣ አዲስ ማርሚታ። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ነጠብጣቡን እንዲነዳ አስቀመጥኩና እኔ አባዬ በሚተኛበት ተኛሁ። መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። ሆስፒታሉ ድረስ ሄደን ተመለስን። "አለሽ?" ይለኛል በየኪሎ ሜትሩ። አለሁ። ራሴን አላመመኝም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ልምጣ ብለሃል። አትምጣ። እግሬ ሥር ወድቀህ የምታነሳው ነገር የለም። ስድስት ወለል ሸፍኛለሁ ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። እኔ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚያ መስመር ላይ ነው የቆምኩት። በነዚያ ስድስት መኪናዎች የኋላ ወንበር ማን ነው የሚቀመጠው? ሂድና ፈልጋቸው። ደብዳቤ አትጻፍላቸው፤ ደብዳቤ እንዴት እንደምትጽፍ አይተናል። በር አንኳኳ።

ይቅርታዬን አትጠብቅ። ከመጣ ራሴ እጽፍልሃለሁ።


መጋቢት 30 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

በር አንኳኳ ባልሽኝ መሠረት የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ለባለቤቱ ነገርኩት። የሽያጭ መዝገቡን ስጠኝ አልኩት። "አብደሃል? አንዱ ቢከሰኝ ግቢው ይዘጋል፤ አንተም የምትበላው የለህም" አለኝ። እሱ ምሳ ሲወጣ ስድስቱን አድራሻ በመዳፌ ላይ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ አባረረኝ፤ መዳፌን ግን አላየውም።

የመጀመሪያው ቤት ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሳልጨርስ ዘጋብኝ። ገንዘብ ልለምን የመጣሁ መስሎታል። መኪናው ደጅ ቆሞ ስለነበር ከሥሩ ገብቼ ተኛሁ፤ ልብሴን ይዞ ሊጎትተኝ ጎንበስ ሲል ወለሉን በጡጫ መታሁት። ስቱኮው ፊቴ ላይ ወረደ። "ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለ። "እኔ" አልኩት። በጥፊ መታኝ። ከዚያ ገብቶ ቁልፉን አምጥቶ ሰጠኝ።

ሁለቱ ቀድመው ተሸጠው ስለነበር ከገዢ ወደ ገዢ ስሄድ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ሌላ አንድ ደግሞ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄዷል፤ በዓይኔ አይቼ ነው የተመለስኩት።

አምስተኛዋ አሮጊት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱበት ነው። ስለ ጭሱ ስነግራቸው ሳቁ። "የኔ ልጆች መኪናው ውስጥ አይረብሹም፤ ገና ስንነሳ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እንደነሱ ያለ ጨዋ ልጅ የለም" አሉኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አመጡልኝ። የነሱን ወለል በሰው ጋራዥ፣ በሰው ብየዳ፣ ታንኩን አውርጄ ሠራሁት። ልጆቹ አሁን መንገዱን ሙሉ ይጣላሉ ብለው አማረሩብኝ።

አምስቱ ተገኝተዋል። ስድስተኛውን የገዛው ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ስሙ መዝገቡ ላይ አልተጻፈም። ባለፈው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ በስተሰሜን ካሉት የባሕር ዳር ከተሞች ወደ አንዱ ሄዷል ይላሉ፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ክፍሉን ለቅቄያለሁ። መዶሻዬንና የብየዳ መነጽሬን ይዤ ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ የዓሣ ገበያዎቹን በየተራ አያለሁ። አድራሻ ስለማይኖረኝ መልስ አትጻፊልኝ።

መኪናው ግራጫ ነው። የተገዛ ቀን ከኋላ ሁለት የሕፃን ወንበር ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

የአክስትሽ ልጅ